ኦቾሎኒ የወለደችበት ዓመት

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ወልዳ ልጠይቃት ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሄድኩ። ሕፃኑ ተኝቷል። ነርሷ የጓደኛዬ ጡት እንዳይሰነጠቅ የሚቀባ ነው ብላ አንዲት ትንሽ ቱቦ አምጥታ ክዳኗን ስትከፍት፣ ሽታው አልጋውን ተሻግሮ እኔ ጋ ደረሰ። ዝናብ የመታው የበግ ጀርባ ሽታ ነው።

«ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት ነው» አለች ነርሷ።

ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። እኔ ቱቦዋን ተቀብዬ አሸተትኩ፤ ደግሜ አሸተትኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«በግ ነበረን።»

«የት? አዲስ አበባ?»

«አይ፣ እዚሁ አሜሪካ» አልኳት። ልቀጥል አፌን ከፍቼ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ያን ዓመት ሳስበው ዛሬም ይምታታብኛል፤ ያኔም ነገሩ ሲሆን ግማሹ አልገባኝም ነበር።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ኖርክሮስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ እና በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡት የእናቴ አባት። አባባ ነው የምላቸው። አንተ እያልኩ ስለማናግራቸው እናቴ ሁልጊዜ «እርስዎ በዪ» ትለኛለች። እሳቸው ደግሞ «ተያት፣ ቋንቋው ከብዷት ነው» ይላሉ።

አባቴ የኤርፖርት ሊሞውን ትቶ በስልክ አፕ ሰው መጫን የጀመረበት ጊዜ ነው። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ሁለቱም ሥራ ሲወጡ አባባ ሶፋው ላይ ይቀመጡና ድምፁ በተዘጋ ቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ያያሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠዋት በተውኳቸው ቦታ አገኛቸዋለሁ። «ነገ ዝናብ አለ» ይሉኛል። ሌላ የሚነግሩኝ ነገር የላቸውም።

የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ከድር ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ሥጋ ቤት ነበረው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አጥር ያለው መሬት ከነአሮጌ የትሬለር ቤቱ ገዛ። አንድ እሁድ ቤታችን መጥቶ «ለፋሲካ ክርስቲያኑ፣ ለአረፋ እስላሙ በግ ፍለጋ ይንከራተታል። ለምን እኛው አናረባም?» አለ።

«ማን ይጠብቃቸዋል?» አለች እናቴ። «ሁላችንም ሺፍት ላይ ነን።»

አባቴ ወደ ሶፋው ዞረ። «አባባ አሉ እኮ። የሀገር ቤት ሰው ናቸው፣ በግ ያውቃሉ።»

አባባ ጉለሌ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከበግ ጋር የሚተዋወቁት የበዓል ዋዜማ ግቢያቸው ታስሮ ሲያድር ነው። እኔ ይህን አላውቅም፤ እናቴ ግን ታውቃለች። ልትናገር ስትል አባባ ቀደሟት።

«ይሁን» አሉ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሰው አንድ ነገር እንዲሠሩ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር።

ስድስት ሴት ጠቦቶች ተገዙ። ሁሉም ገና ወልደው የማያውቁ ናቸው። አምስቱ ነጭ፣ ስድስተኛዋ ቡናማ፤ ከሁሉም ያነሰች፣ አንድ ጆሮዋ የተንጠለጠለ። ስሟን ፒናት አልኩት። አባባ ትርጉሙን ጠየቁኝና ከዚያ ወዲያ ኦቾሎኒ ብለው ቀሩ።

ከአጥሩ ወዲያ ሚስተር ዌይን ይኖራል። ረጅም፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እጆቹ እንደ አካፋ የሰፉ ሽማግሌ ነው። እሱም በጎች ነበሩት፤ አውራ በጉን ሊያውሰን ተስማማ። ጋሼ ከድር በጠዋት ድርቆሽ ጥሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ አባቴ በየመሀሉ አባባን ያደርሳቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔና አባባ ቀኑን ሙሉ እዚያ እንውላለን። አባባ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ስለዚህ ከሚስተር ዌይን ጋር የማገናኛቸው እኔ ነኝ።

በማስተርጎም ልምድ ነበረኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን እናቶች ክሊኒክ ድረስ ሄጄ አስተርጉሜላቸዋለሁ። የሚስተር ዌይን እንግሊዝኛ ግን የትምህርት ቤቴ እንግሊዝኛ አይደለም። ቃሉን ይጎትተዋል፣ ግማሹን ይውጠዋል፣ ወሬው የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅም። አልገባኝም ማለት ደግሞ አልወድም።

አንድ ቀን «አውራውን ሳላመጣ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ፍላሽ አድርጓቸው» አለ።

ፍላሽ የማውቀው ሽንት ቤት ላይ ነው። አባባ «ምን አለ?» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና «በውኃ እጠቧቸው አለ» አልኩ።

አባባ በጎቹን አዩ፣ ቀጥለው ሰማዩን አዩ። «ያውቅ ይሆናል» አሉ።

በአትክልት ማጠጫ ጎማና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብናቸው። እኔ አንገታቸውን እይዛለሁ፣ አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሻሉ። በጓ ፊቷን ወደ እሳቸው ባዞረች ቁጥር ወደ ኋላ ይሉ ነበር። ሀገር ቤት በግ እንዲህ ይከበራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ስንጨርስ እኛም እነሱም ውኃ ሆነናል። ሚስተር ዌይን አጥሩ ጋ መጣና የሚንጠባጠቡትን በጎች ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ።

«እናንተ ሀገር እንዲህ ነው የሚደረገው?» አለ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ቀና ብለው «አዎ በዪው» አሉ።

በሳምንቱ ስንሄድ የሚስተር ዌይን በጎች ነጭ ሆነው፣ ከሩቅ ያንጸባርቃሉ። እሱም አጥቧቸዋል። «አየህ አባባ፣ ልክ ነበርኩ» አልኳቸው። አባባ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ግን እንደ እኔ እርግጠኛ አይመስሉም ነበር። ፍላሽ ማለት አውራ ከመግባቱ በፊት እህል አብልቶ ማፋፋት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አውራው የመጣ ቀን ሁላችንም ነበርን። ፊቱ ጥቁር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሽታው ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ። ሚስተር ዌይን በሩን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ ፒናትን አሳየን። «እሷን አይሆንም። ራሷ ገና ሕፃን ናት። ለከርሞ ትቆይ።»

ይህ ግልጽ ስለነበር ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጋሼ ከድር አልወደደውም። «ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ስትበላ ልትከርም ነው?» አለ።

አባቴ ወደ አባባ ዞረ። «እርስዎ ምን ይላሉ? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሁሉም አባባን አዩ። ጋሼ ከድር አያቸው፣ አባቴ አያቸው፣ ሚስተር ዌይንም የምለውን ሳይጠብቅ አያቸው። አባባ የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አባቴን አየት አድርገው «ትግባ» አሉ።

ለሚስተር ዌይን ነገርኩት። «እንግዲህ ከእኔ እሳቸው ያውቃሉ» አለና በሩን ከፈተ። ያለውን ለአባባ ነገርኳቸው። ቤት እስክንደርስም አልተናገሩም። በነገሩ ኮርተው ዝም ያሉ መሰለኝ።

አውራው ደረቱ ላይ ቆዳ ታስሮለት፣ ቆዳው ላይ ትልቅ ቀይ ጠመኔ ተሰክቷል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ስንሄድ የሁለት በጎች ዳሌ ቀይ ሆኗል። ደም መስሎኝ ጮህኩ። አባቴ ሮጦ መጣ፣ አየ፣ ወዲያው ወደ ሌላ አቅጣጫ መመልከት ጀመረ።

«ቀለም ነው» አለ።

«ማን ቀባቸው?»

«አውራው።»

«ለምን?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመዝግበዋል ማለት ነው። ማርች ላይ ይወልዳሉ።»

ትምህርት ቤት ቀይ ቀለም ስህተት ነው፤ እዚህ ደግሞ ምዝገባ ሆነ። ግን ብዙም አልከበደኝም። እዚህ አገር ያለ ምዝገባ የሚሆን ነገር እንደሌለ ከወላጆቼ ወሬ አውቅ ነበር። በግም ተመዝግባ፣ ወረፋዋን ጠብቃ ትወልዳለች ማለት ነው።

አምስቱ ነጮች ቶሎ ተመዘገቡ። ፒናት ብቻ ቀረች። ሚስተር ዌይን አጥሩን ተደግፎ «ትንሿ ገና ኦፕን ናት» አለ።

«ክፍት ናት አለ» አልኳቸው አባባን።

አባባ ሄደው የበሩን ሰንሰለት አዩት፤ ተቆልፏል። ተመልሰው በጓን ዙሪያዋን አዩዋት። «የቱ ጋ?» አሉኝ። እኔም አላውቅም፤ ኦፕን የሚሏት ገና ያላረገዘችን በግ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ሁለታችንም ቆመን ፒናትን ስናይ፣ እሷም እኛን እያየች ታመነዥካለች።

ሚስተር ዌይን ጠመኔውን በሰማያዊ ቀየረው። የኖቬምበሩ በዓል ታንክስጊቪንግ ሳይደርስ የፒናት ጀርባ ሰማያዊ ሆነ። ፈተና ያለፈች ያህል ደስ አለኝና እየዘለልኩ ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተጠጉና እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ጫኑ። ሳይገደዱ በግ ሲነኩ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። መዳፋቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ሰሞን እናቴ መኝታ ቤት ገብታ ለእህቷ ስልክ ስታወራ ሰማሁ። «ተመዝግቤያለሁ እኮ። አዎ፣ ማርች ላይ። ለቤዛ አልነገርኳትም፣ ይሳካ አይሳካ ማን ያውቃል።»

ቤዛ እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ ነገሩን ገጣጠምኩት። እናቴ ከሥራ እንደገባች ትተኛለች። ደረጃ ስትወጣ ይደክማታል። ከአባቴ ጋር በሹክሹክታ ያወራሉ። ተመዝግባለች፤ ማርች ላይ ትወልዳለች። የእናቴ ልብስ ላይ ቀለም ፈልጌ አጣሁ፤ ሰው በሌላ መንገድ ይሆናል አልኩ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነገርኳት። እሷም ለእናቷ ነገረች።

አንድ ቅዳሜ ምሽት ብራያርክሊፍ ካለው የሀበሻ ግሮሰሪ በርበሬና ሽሮ ልንገዛ ገባን። እትዬ ሮማን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብላ እናቴን አቀፈቻት።

«አልማዝዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ማርች ላይ ነው አሉ? ደበቅሽን አይደል።»

እናቴ የበርበሬውን ከረጢት እንደያዘች ቀረች። «ምኑ ነው ማርች ላይ?»

እትዬ ሮማን ወደ ሆዷ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። እናቴም እኔን አየችኝ።

«የለም፣ እትዬ ሮማን» አለች በጣም ቀስ ብላ። «ተሳስተው ነው የነገሩሽ።»

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ተመዝግቤያለሁ ስትይ ሰማሁ።»

«ለነርስነት ትምህርት እኮ ነው የተመዘገብኩት። ክላስ ነው ማርች ላይ የሚጀምረው።»

«በጎቹ ግን…» አልኩ።

«በጎቹ ምን?»

ስለ አውራው፣ ስለ ቀዩ ጠመኔ፣ አባቴ ስለነገረኝ ምዝገባ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች መሰለኝና እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ስትዞር ፊቷ በእንባ ርሷል። ሳቄን አቆምኩ። ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሞተሩን አስነስታ ወደ ቤት ነዳች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ስለ በጎቹ መስማት ጠላች። ቅዳሜ ማታ ልትወስደን ስትመጣ በሩ ጋ ፓርክ አድርጋ ክላክስ ታደርጋለች እንጂ ከመኪናዋ አትወርድም።

ክረምቱ አለፈ። የበጎቹ ሆድ ወደ ጎን ሰፋ። ማርች ላይ አምስቱ ነጮች ተራ በተራ ወለዱ፤ ሁሉም የወለዱት እኛ በሌለንበት ነው። ቅዳሜ ስንደርስ ግልገሎቹ ደርቀው፣ ቆመው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ እናገኛቸዋለን። ስለዚህ ግልገል እንደ ፖስታ ሰው ሳያይ የሚደርስ ነገር ነው ብዬ አመንኩ። ጋሼ ከድር አባባን እየጨበጠ «እጅዎ የተባረከ ነው» አላቸው። አባባ እጃቸውን ቶሎ ሳቡ።

ኤፕሪል ላይ፣ የፒናት ብቻ ሲቀር፣ አንድ ቅዳሜ አባቴ አድርሶን ወደ ኤርፖርት ሄደ። ጋሼ ከድር ሱቅ ነው። ፒናት ከጋጣው ጥግ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ መሬቱን በእግሯ ትቧጥጣለች፣ ዞራ የራሷን ሆድ ታያለች። ጥርሷን ስታፋጭ ከሩቅ ይሰማል።

«ምን ሆና ነው?» አልኳቸው አባባን።

ፊታቸው የማላውቀው ሰው ፊት ሆኖብኝ ነበር። ቆይቶ ከኋላዋ አንዲት አፍንጫና አንድ ሰኮና ወጡ። አፍንጫዋ ሥር ትንሽ ምላስ ተንጠልጥላለች። ከዚያ በላይ ምንም አልወጣም። ፒናት ታቃስታለች፤ የበግ ድምፅ አይመስልም።

«ሂጂ፣ ሰውዬውን ጥሪልኝ» አሉ አባባ።

ሚስተር ዌይን የቻለውን ያህል ፈጥኖ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «እናንተ በዚህ ጊዜ ምንድነው የምታደርጉት?» አለ። ለአባባ ተረጎምኩ።

አባባ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ። «በዪው» አሉ፣ «በግ አላውቅም በዪው። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ይቺን ጠቦት ትግባ ያልኩት ሳላውቅ ነው። ልጆቹ ሲያዩኝ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። እንደዚያው አድርገሽ ንገሪው።»

አባባ በግ የማያውቁ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ስንሠራ የቆየነው ምንድነው? «ንገሪው» አሉኝ እንደገና። ነገርኩት።

ሚስተር ዌይን አንዴ አባባን፣ አንዴ በጓን አየ። ከዚያ የተናገረውን ሁለት ጊዜ አስደግሜው ነው የተረጎምኩት። «እሱም ይሄን አያውቅም። የምታዋልደው ሚስቱ ነበረች፤ እሱ መብራት ብቻ ነው የሚይዝላት የነበረው። እጁም ትልቅ ስለሆነ አይገባም አለ።»

«ታዲያ ሚስቱን ጥሪያት» አሉ አባባ።

ጠየቅኩት። መልሱ አጭር ነበር። «ሞታለች አለ» አልኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፒናት ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ። ያኔ ነው የእናቴ መኪና ክላክስ ከበሩ በኩል የተሰማው። ሮጥኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩትም አላስታውስም። ብቻ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በነጭ ጫማዋ ጭቃውን አቋርጣ መጣች።

«ሳሙና» አለች። እስከ ክርኗ ታጠበች። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። አባባ የፒናትን ራስ ታቅፈው ተቀመጡ። ሚስተር ዌይን ዓይኑን ጨፍኖ ሚስቱ ትለው የነበረውን እያስታወሰ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፤ ያን ቀን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«አንዱ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ይሆናል አለ። ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ውስጥ መልሺና ፈልጊው። ሰኮናውን በመዳፍሽ ሸፍኚው፣ እንዳይቀድዳት።»

«አገኘሁት» አለች እናቴ።

«ስታምጥ ሳቢ። ስታርፍ እረፊ። ወደ ታች ነው የሚሳበው፣ ወደ ምድር።»

ፒናት ጮኸች። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ለበጓ ይሁን ለልጃቸው እንጃ። ከዚያ እናቴ ወደ ኋላ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ረጅም፣ ቢጫ፣ የረጠበ ነገር ወደቀ። አይንቀሳቀስም። ሚስተር ዌይን ጭድ አንስቶ ሰጣት፣ አፍንጫውን እንድትኮረኩረው በእጁ አሳያት፤ ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። እናቴ በጭዱ ኮረኮረችው፣ በሥራ ልብሷ ደረቱን አሸችው፣ «ና እንጂ፣ ና» አለችው። ግልገሉ አስነጠሰ።

እናቴ እያለቀሰች ነበር፤ የዚያን ምሽት መኪና ውስጥ እንደነበረው፣ ያለ ድምፅ። ግልገሉ በሕይወት እያለ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።

ጎማውን ከፍቼላት ክንዷን ስትታጠብ «ቤዛ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሳ። «ከአንቺ በኋላ አንድ ልጅ ነበረኝ። ወንድ። ሳይቆይ ሞተ።»

«ስሙ ማን ነው?» አልኳት።

«ስም አላወጣንለትም።»

ውኃውን ዘጋሁ። ሌላ ጥያቄ ብዙ ነበረኝ፤ የትኛው እንደሚጠየቅ፣ የትኛው እንደማይጠየቅ አላወቅኩም።

ስንመለስ ፒናት ተነስታ ቆማለች። ግልገሉን አሸተተችው፣ ደነገጠች፣ ሮጣ ጥግ ያዘች። ግልገሉ እየተንገዳገደ ሲከተላት በራሷ ገፍታ ጣለችው። ልጇ መሆኑን አታውቅም። ከእናቴ ጭን ስለወጣ የእናቴ መስሏት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

«የመጀመሪያውን ወተት ካልጠጣ አያድርም አለ» ብዬ የሚስተር ዌይንን ነገርኳቸው።

«እንገሩን ነው» አለች እናቴ።

«ሚስቱ ግድግዳው ላይ አስጠግታ ትይዛቸው ነበር አለ። እስኪለምዱ፣ ለቀናት። ሌሊትም።»

«ማን ነው ለቀናት የሚይዛት?» አለች እናቴ።

«እኔ» አሉ አባባ።

ትሬለሩ ይበርዳል አለች፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎ አለች፤ ምን ይበላሉ አለች። አባባ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ትግባ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ያን ምሽት አባቴ ብርድ ልብስና ምግብ አደረሰላቸው። ሶፋው ላይ ማንም ሳይኖር ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ሳምንቱን ከረመ፤ ከትምህርት ቤት ስገባ የነገን አየር የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን፤ እናቴም ከመኪናዋ ወረደች። አባባ ጋጣው ውስጥ ተንበርክከዋል። ጢማቸው አድጓል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በአንድ ክንዳቸው ፒናትን ከጣውላው ጋር አስጠግተው ይዘዋታል፤ ግልገሉ ከሥሯ ገብቶ ይጠባል። እኛን ሲያዩ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ክንዳቸውን ቀስ ብለው አነሱ። ፒናት አልሸሸችም። አንገቷን አዙራ የግልገሉን ጭራ አሸተተችና ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመች።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው» አሉ አባባ።

«እንዴት አደረጉት?» አለ አባቴ።

«ያዝኳት። ስትሸሽ መልሼ ያዝኳት። ሌላ ያደረግኩት የለም።»

ጋሼ ከድር ወደ በጎቹ እያየ «ለከርሞስ? እሷም እንደገና ከአውራው ጋር ትግባ?» አለ።

«እኔ አላውቅም» አሉ አባባ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ሚስተር ዌይን ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያያል። አባባ በእጃቸው ጠሩኝ። «ነይ ቤዛ፣ የምትጠይቂልኝ ነገር አለ።»

አብሬያቸው ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ የማውቃቸውን የበግ ቃላት በሙሉ በልቤ እያሰናዳሁ ነበር።

«ሚስትህ ስሟ ማን ነበር በዪው» አሉኝ።

ሌላ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። «ስሟን?»

«አዎ፣ ስሟን።»

ጠየቅኩት። ሚስተር ዌይን አባባን አየ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ አቅጣጫ አየ። «ዶሪስ» አለ።

«ዶሪስ» አሉ አባባ፣ አጠራሩን እየተጠነቀቁ። «እግዚአብሔር ያጽናህ በዪው።»

አፌን ከፈትኩ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲሉት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። አንዱን ቃል ሞከርኩ፣ ልክ አልመጣም፤ ሌላ ጀመርኩና ተውኩት። «አባባ፣ አላውቀውም» አልኩ።

አባባ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ አጥሩ ተጠጉ። እጃቸውን በሽቦው ላይ አሻግረው የሚስተር ዌይንን ትልቅ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት በራሳቸው ድምፅ።

ሚስተር ዌይን ለረጅም ጊዜ እጁን አልሳበም። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቃሉን እየጎተተ፣ ግማሹን እየዋጠ። እኔ ልተረጉም ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አባባ ግን ምን አለ ብለው አልጠየቁኝም።